ጣሳዬን እንዳወርድ ለወሰኑት ጓድ ሊቀመንበር

ሰኔ 27 ቀን 1974 ዓ.ም.
ገርጂ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ሐምዛ ኑሪ
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ይልቁንም ያለ እሱ ቀበሌያችን አንድ ቀን ውላ የማታድረው ማኅተምዎ ደህና ናቸው ወይ? እኔ ሦስት ቀን ብቻ የቀረው ሰው ደህና የሚሆነውን ያህል ደህና ነኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን አብዮታዊ ሰላምታዬን በአጭሩ አቅርቤ ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር፤ አሁን ግን በእርስዎ ውሳኔ ሥራ የምፈታበት ቀን ስለተቃረበ ሰላምታውን በሰፊው ለማቅረብ የሚያስችል ፋታ አግኝቻለሁና፣ ስለዚሁ አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

እኔ ወ/ሮ ወርቄ ደምሴ ነኝ። ከቦኖው ከፍ ብሎ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ከሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት ቤት የእኔ ነው። በዚያ ቤት ሃያ አንድ ዓመት ጠላ ጠምቄ ሸጬበታለሁ። ጣሳው ተሰቅሎ ያየ ሰው ጠላ አለ ብሎ ይገባል፤ ጣሳው ወርዶ ያየ የለም ብሎ ያልፋል። ጣሳሽን አውርጂ ማለት ቤትሽን ዝጊ ማለት መሆኑን ያነሣሁት፣ እርስዎ ሃይማኖትዎን የሚያከብሩ፣ ጠላ በአፍዎ ዞሮ የማያውቅ ሰው ስለሆኑ ምናልባት የነገረዎ አይኖርም ብዬ ነው። በዚህ ረገድ አከብርዎታለሁ፤ ሳይቀምሱ መፍረድ ከቀመሱ በኋላ ከመፍረድ ይልቅ ከአድልዎ የራቀ መሆኑንም ከእርስዎ ተምሬያለሁ።

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። ፊደል ያስቆጠረኝ የቀበሌያችን መሠረተ ትምህርት ነው፤ ምስክር ወረቀቴን በአዳራሹ መድረክ ላይ የሰጡኝም እርስዎ ራስዎ ነዎት። ያን ዕለት፣ ከእንግዲህ በአውራ ጣትሽ ሳይሆን በብዕርሽ ትናገሪያለሽ ብለውኝ ነበርና፣ እነሆ ቃልዎን አክብሬ እየተናገርኩ ነው። ደብዳቤውን የምለጥፈው በቦኖው አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከውሳኔዎ ጎን ነው። ለውሃ የተሰለፈ ሰው የሚያነበው እንዳያጣ ከማሰብ እንጂ፣ በሌላ እንዳይተረጎምብኝ አደራ እላለሁ።

ውሳኔዎ እንዲህ ይላል። ለመጪው የአብዮት በዓል ከውጭ የሚመጡ እንግዶች በዚህ አስፋልት ስለሚያልፉና በየደጁ የቆመው እንጨት ለዓይን ስለማያምር፣ በአስፋልቱ ዳር ጣሳ የሚሰቀልበት አንድ እንጨት ብቻ ይቀራል። እሱም "የአካባቢ ጠላ" ተብሎ የምስክር ወረቀት ለሚሰጠው ይሆናል፤ ይኸው ጠላ በበዓሉ ዕለት ከበላያችን ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ለሚመጡ ጓዶች ይቀርባል። ሌላው እንጨት እስከ ሰኔ 30 ይነሣል። በአስፋልቱ ዳር ያለነው ሁለት ብቻ ነን፤ እኔና ጎረቤቴ ወ/ሮ አስመረት ገብረእዝጊ። የአካባቢ ጠላ የእሷ ነው ተብሏል። የእኔ የየት እንደሆነ ውሳኔው ባይገልጽም፣ ከሰማይ የወረደ ነው ለማለት ተፈልጎ ከሆነ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ ግምቱን አልቃወምም።

ቅሬታዎቼን በኮሚቴ ወግ በቁጥር አስቀምጣለሁ።

1ኛ/ ወ/ሮ አስመረት የአካባቢው ሰው አይደለችም። በ1970 ዓ.ም. ከዓዲግራት አንድ ጥቅል ልብስና አንድ ወንፊት ይዛ መጥታ፣ ከጎኔ ያለውን የቀበሌ ቤት ስትረከብ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ጠላን "ስዋ" ነበር የምትለው። የዚህ አገር ሰው የሚወደው አሻሮ ምን ያህል መጥቆር እንዳለበት፣ ጋኑ ስንት ጊዜ በግራዋ እንደሚታጠብ፣ የወይራው ጭስ መቼ በቃ እንደሚባል ያሳየኋት እኔ ነኝ። ጋን ስላልነበራት ካሉኝ ሁለት ጋኖች አሮጌውን፣ ከንፈሩ ተሸርፎ በሬንጅ የተጠገነውን፣ በ1953 ዓ.ም. ሥራ የጀመርኩበትን አውጥቼ፣ የሰፈሩ ሰው በተሰበሰበበት፣ እስከፈለግሽ ድረስ ጥመቂበት ብዬ ሰጠኋት። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ሰምቶ ወርቄ ደግ ናት እንዲል ፈልጌ እንደነበር አልደብቅም። ብለዋልም። ለአንድ ሳምንት ያህል ደግ ነበርኩ።

እርግጥ እኔም የተወለድኩት እምድብር ነው። ነገር ግን እዚህ የመጣሁት ከእሷ በአሥራ ሰባት ዓመት ቀድሜ ነው፤ የአካባቢ ሰው ማለት ቀድሞ የመጣ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? እርስዎ ራስዎ ወደ ቀበሌያችን የገቡት በ1969 ዓ.ም. ነው። በዚህ ስሌት ጣሳዬ እርስዎን በአሥራ ስድስት ዓመት ይቀድማል፤ ታላቁን ማክበር ደግሞ በአብዮቱም ቢሆን የተሻረ አይመስለኝም።

2ኛ/ ጌሾዋ የአካባቢ አይደለም። ወንድሟ ኃይለኪሮስ ከትግራይ በጆንያ አስሮ በአውቶቡስ ጣሪያ ይልክላታል። ስንት ተራራ አቋርጦ፣ ስንት ኬላ ተፈትሾ የመጣ ጌሾ እንደምን የገርጂ ይባላል? እኔ ጌሾዬን የምገዛው ከሾላ ገበያ ነው፤ ሾላ ደግሞ በመገናኛ በኩል በእግሬ ሄጄ የምመለስበት አካባቢ ነው። የሾላው ነጋዴ ጌሾውን ከየት እንደሚያመጣው ጠይቄው አላውቅም ነበር። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ስነሣ ብጠይቀው፣ ከትግራይ በአውቶቡስ ይመጣልኛል አለኝ። ይሁን እንጂ ቅሬታው አንዴ ሁለተኛ ሆኖ ስለተጻፈና ከሰረዝኩት ቁጥሩ ስለሚዛባ ባለበት ይታይልኝ።

3ኛ/ ስለ ገብስ። ሁለታችንም የምንገዛው የሰንዳፋ ገብስ ነው። የሰንዳፋ ገብስ እሷ ስትገዛው የአካባቢ፣ እኔ ስገዛው ግን የሰንዳፋ የሚሆነው በምን ምሥጢር እንደሆነ ኮሚቴው ቢያብራራልኝ እማርበታለሁ። ነገሩን ለማጣራት ከሁላችንም በፊት እዚህ የነበሩትን ሽማግሌ፣ ኦቦ ቱሉን ጠየቅኳቸው። የአካባቢ ገብስ ከፈለጋችሁ አውሮፕላኑ የሚያርፍበትን አስፋልት ቆፍሩ፣ እኔ ስዘራ የነበረው ከሥሩ ነው አሉኝና ሳቁ። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። እሳቸው ከተነሡ የእኔ ሃያ አንድ ዓመት ምን ዋጋ አለው? ስለሆነም ኦቦ ቱሉ በዚህ ጉዳይ ምስክር ሆነው እንዳይጠሩ በትሕትና እጠይቃለሁ።

4ኛ/ ስለ ውሃ ቅሬታ የለኝም። እሷም እኔም የምንቀዳው ከአንዱ ቦኖ ነው። ቀበሌያችን በዚህ ረገድ ፍጹም እኩልነትን አስፍኗል፤ ውሃው ሲጠፋ ከሁላችንም ነው የሚጠፋው። ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

5ኛ/ ይህ ስለ ጠላ ስላልሆነ ኮሚቴውን አይመለከት ይሆናል። አናጢው አቶ አለም የሚባለውን ሰው ያውቁታል፤ የአዳራሹን አግዳሚ ወንበሮች የሠራው እሱ ነው። የእኔንም አግዳሚ የሠራው እሱ ነው፤ ሠርቶም አሥራ አምስት ዓመት እሑድ እሑድ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦበታል። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ከቀብር መልስ ጣሳዬን አውርጄው ነበር። በአርባው ማግሥት መሰላል ይዞ መጥቶ መልሶ የሰቀለልኝ አለም ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አስመረት ቤት ይቀመጣል። በደጄ ሲያልፍ ባርኔጣውን ያነሣልኛል። ጓድ ሊቀመንበር፣ ባርኔጣ የሚያነሣልዎት የነበረ ደንበኛ ቢኖርዎት ኖሮ፣ ዝም ብሎ ከሚያልፍ ይልቅ ባርኔጣውን አንሥቶ የሚያልፍ እንዴት እንደሚያቃጥል ያውቁት ነበር።

ከእሱ ጋር የአውሮፕላን ማረፊያው ተሸካሚዎች ሄዱ፣ የአውቶቡስ ሾፌሮች ሄዱ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ጭቃ ስለሆነ ሳቃቸው ይሰማኛል። ምን እንደሚያስቃቸው አይሰማኝም፤ ሳቁ ብቻ ነው የሚሰማኝ። አንድ ቀን ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ራሴን አገኘሁት። ታዲያ እስካሁን በቁጥር ያላስቀመጥኩትን እዚህ ላስቀምጠው፤ ቀንቻለሁ። የቀናሁት በገበያዋ ብቻ አይደለም። ሰው እሷ ቤት ሲገባ ወደ ቤቱ የገባ ይመስላል፤ የእኔ ቤት እንዲህ ነበር፣ መቼ እንደቀረ ግን አላውቅም። ቅናት በቀበሌ የሚያስጠይቅ ከሆነ በዚህ ፊርማዬ አምኛለሁ።

6ኛ/ አሁን ወደ ዋናው እመጣለሁ፤ እሑድ ሰኔ 13 ቀን በአዳራሹ ወደተደረገው ቅምሻ።

ሥርዓቱን ጸሐፊው ጓድ አስፋው ነበሩ ያወጡት፤ ያማረ ሥርዓት እንደነበርም አልክድም። ጓድ አስፋው ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ ሆነው ከእሷ ማድጋ በአንድ ኩባያ፣ ከእኔ ማድጋ በሌላ ኩባያ ይቀዳሉ። በአንዱ ላይ "ሀ"፣ በሌላው ላይ "ለ" ተብሎ በጠመኔ ይጻፋል። የቱ የማን እንደሆነ ከእሳቸው በቀር ማንም አያውቅም። ባለ ጠላዋ ሳትቀምስ ለእንግዳ ማቅረብ በአገራችን ነውር ስለሆነ፣ ከኮሚቴው በፊት እኔና አስመረት ሁለቱንም እንቀምሳለን። የትኛው የአካባቢያችን ጠላ እንደሆነም እንናገራለን። የተናገርነው ተጽፎ ይነበባል፣ እንፈርምበታለን፣ ከዚያ በኋላ መጋረጃው ይገለጣል።

መጀመሪያ የተነሣሁት እኔ ነኝ። ሳይጠሩት አቤት እንዲሉ፣ ወረፋው የእሷ ሳለ ነው ዘልዬ የተነሣሁት። "ሀ"ን ቀመስኩ። ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ስለማያውቁት ልነግርዎት አልችልም፤ ጭሱ ከልቤ ደረሰ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ አግዳሚው ሞልቶ ሰው በደጅ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ የነበረው ጠላ ይህ ነው። የእኔ ነው አልኩ በልቤ፤ እጄን እንዴት ይጠፋኛል? ከዚያ "ለ"ን ቀመስኩ። ጥሬ ሸክላ ሸተተኝ። ጭሱ ከላይ ከላይ ተንሳፍፏል እንጂ አልገባበትም። አሁን ያዝኳት አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አዳራሹ ሙሉ ሰው በተቀመጠበት፣ አለምም ከኋላ ቆሞ ሳለ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ለ" የተባለው ባዕድ ነው፣ በዚህ ሰፈር ጭስ ያልታጠነ፣ የእንግዳ እጅ ያለበት ጠላ ነው አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አላቆምኩም። የዚህ ጠላ ባለቤት ጣሳዋን አውርዳ ወደመጣችበት ትሂድ፣ የአካባቢው ጠላ "ሀ" ነው ብዬ ጨመርኩበት። ጓድ አስፋው አንድ ቃል ሳይጥሉ ጻፉት። አነበቡልኝ። እኔም በአውራ ጣቴ ሳይሆን፣ እናንተ ባስተማራችሁኝ ፊደል፣ "ወርቄ" ብዬ ፈረምኩ።

ከዚያ አስመረት ቀመሰች። ሁለቱን ሁለት ሁለት ጊዜ ቀምሳ ኩባያዎቹን ጎን ለጎን አስቀመጠች። በመጨረሻ፣ ሁለቱም ያንድ ሰው እጅ ነው፣ እኔ መለየት አልችልም አለች። ይህን ጓድ አስፋው፣ "ተወዳዳሪዋ ሐሳቧን ግልጽ ስላላደረገች አልተመዘገበም" ብለው ጻፉበት። በዚያ አዳራሽ ከተነገረው ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ስለነበረ፣ አለመመዝገቡ እምብዛም አላስገረመኝም።

መጋረጃው ሲገለጥ "ለ" የእኔ ማድጋ ነበር።

አዳራሹ ሳቀ። ያ በግድግዳው በኩል የሚሰማኝ ሳቅ ነው፤ አሁን ግን ምን እንዳሳቃቸው ገባኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ስለ እኔ ኖሯል። ውሳኔው ላይ የተጻፈውም ይኸው ነው፦ "ተወዳዳሪዋ ራሷ በፊርማዋ በመሰከረችው መሠረት።" ከኮሚቴው አባላት አንዳቸውም ተጨማሪ ማሰብ ስላላስፈለጋቸው ስብሰባው በጊዜ ተበትኗል። ጓድ አስፋውም አፌን ላጥራ ብለው ከመጋረጃው ጀርባ የጠርሙስ ቢራ ሲከፍቱ፣ ስለ አካባቢ ምርት ያላቸውን ጽኑ እምነት ሁላችንም በጆሯችን ሰምተናል።

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱ አስፋልቱን ተሻግሮ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ እኔ ግን እስክደርስ ብዙ ዘመን የሄድኩ መሰለኝ። ገብቼ ጋኔ ፊት ቆምኩ። አዲስ ጋን ነው። በእጄ የቀረው ሁለተኛው ጋኔ ባለፈው ዓመት በፋሲካ ሰሞን ተሰንጥቆብኝ ከሾላ የገዛሁት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በግራዋ አጥቤ በወይራ አጥኜዋለሁ፤ ሸክላ ግን እንደ ሰው ነው፣ አንድ ዓመት ምኑም አይደለም። ሃያ ዓመት ጭስ የጠጣው ጋን አስመረት ቤት ነው። "ሀ"ን ስቀምስ የእኔ ነው ያልኩት እውነቴን ነበር። ጠላው የእሷ ነው፤ ጭሱ ግን የእኔ አሥራ ሰባት ዓመት ነው። አለምና ተሸካሚዎቹም የዛሬ ዓመት ቤቴን ጥለው ሲሄዱ፣ የሄዱት የሚያውቁትን ጠላ ፍለጋ ነበር። እኔ ደግሞ ያን ጋን መልሺልኝ እንዳልላት፣ እስከፈለግሽ ድረስ ያልኩት በሰው ፊት ነውና አፌ ተይዞ ቀረ። ደግነቴን ለማሳየት የሰጠሁት ዕቃ በደግነቴ ታስሮ እዚያው ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣ አቤቱታዬ አጭር ነው። የአካባቢ ሰው ማን እንደሆነ ብንመረምር ኦቦ ቱሉ ብቻ ይቀራሉ፤ እሳቸው ደግሞ አይጠምቁም። ጌሾው የአካባቢ አይደለም፣ ገብሱ የአካባቢ አይደለም፣ ውሃውም በመጣ ቀን ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ እዚህ ሰፈር ሃያ አንድ ዓመት ሳይንቀሳቀስ ኖሮ፣ የዚህን ሰፈር ጭስ የጠጣ አንድ ጋን ብቻ ነው፤ አሸናፊው እሱ ነው። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላልና፣ እኔን በጠጠርነት ቆጥራችሁ ውሳኔውን ድጋሚ ታዩልኝ ዘንድ እለምናለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ የምስክር ወረቀቱ በወ/ሮ አስመረት ግድግዳ ላይ ሳይሆን በጋኑ አንገት ላይ ይንጠልጠልልኝ። ከሁለቱም አንዱ ካልተቻለ ደግሞ፣ አለመቻሉ በማኅተም ተረጋግጦ ይሰጠኝ፤ ቢያንስ የምሰቅለው ነገር አይጠፋኝም።

ስላስተማሩኝ ፊደል፣ በዚያው ፊደል ስላስፈረሙኝ፣ በፈረምኩትም ስለፈረዱብኝ፣ ከእንግዲህም እሑድ እሑድ በሩን እያየሁ ከመቀመጥ ስላሳረፉኝ፣ ምስጋናዬ ከቦኖው ወረፋ የረዘመ ነው። ውሃው በሚመጣበት ቀን ሁሉ በጸሎቴ አስብዎታለሁ።

ኢትዮጵያ ትቅደም!

የባዕድ ጠላ ጠማቂ መሆኗን በገዛ ፊርማዋ ያረጋገጠች፣ ውሳኔ አክባሪ ጎረቤትዎ
ወርቄ ደምሴ

ግልባጭ፦
ለጸሐፊው ለጓድ አስፋው (ካለቀው ቢራ ጋር)
ለቦኖው ተሰላፊዎች በሙሉ

ማሳሰቢያ፤ ሰኔ 30 ቀን፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልለጥፈው ሁለት ቀን ቆየሁ። ትናንት ጠዋት ልለጥፈው ስወጣ አስመረትና አለም አሮጌውን ጋን ለሁለት ተሸክመው ከደጄ ደረሱ። አስመረት፣ "ወርቄ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እኔ የጠየቅኩሽ ለጥቂት ጊዜ ነበር፤ አንቺ በሰው ፊት ስለሰጠሽኝ፣ ብመልሰው ደግነትሽን የናቅኩ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ ነው" አለችኝ። ለካ ሁለታችንንም ያሰረን አንድ ቃል ነው። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብላ ድፍድፍ ጨምራበት ነበር። ልቆጣ ፈልጌ ቁጣው አልመጣልኝም። ስለዚህ አዲሱን ጋኔን ሰጠኋት፤ ማንም ሳያየን ነው የሰጠኋት። ኮሚቴው ልብ ይበልልኝ፦ የአካባቢ ጠላ የተባለው ጠላ ከዛሬ ጀምሮ የሚጠመቀው፣ ባዕድ ነው ብዬ በፈረምኩበት ጋን ነው። ለበዓሉ ጓዶች የትኛው እንደሚቀርብ እንግዲህ ጓድ አስፋው አዲስ ቃለ ጉባኤ ይያዙበት።

እንጨቴንም በትእዛዙ መሠረት ዛሬ ጠዋት ነቅያለሁ። ውሳኔዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ማንበብ ያስተማሩኝ እናንተ ናችሁ። አንድ እንጨት ብቻ ይቀራል ይላል እንጂ፣ በእንጨቱ ላይ ስንት ጣሳ እንደሚሰቀል አይናገርም። ስለዚህ አስመረት እሺ ብላኝ ጣሳዬን በእሷ እንጨት ላይ ሰቅዬዋለሁ። አለም መሰላሉ ላይ ሆኖ ሁለቱን ጣሳዎች እኩል አድርጎ ሊመታቸው ነበር፤ መዶሻውን ተቀበልኩትና ራሴ ወጣሁ። የእኔ ከእሷ በአንድ ስንዝር ከፍ ይላል።